የኃይል መሐንዲሶች የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት፦ ከሥራ ሳይለቁ መማር ምን ያስገኛል? ምንስ አያስገኝም?

ሐምሌ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2024) በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ የ230 ኪሎ ቮልት ማስተላለፊያ መስመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ተበላሸ። መስመሩ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመው ራሱን ቆርጦ ጥቂት ከቆየ በኋላ መልሶ ለመገናኘት እንዲሞክር ተደርጎ የተሠራ ነው። በሞከረ ቁጥር ግን ብልሽቱ ይጠብቀው ነበር፤ በ82 ሰከንድ ውስጥ ስድስት ጊዜ ቮልቴጁ ወደቀ። በዙሪያው ያሉ በርካታ የዳታ ማዕከላት ኮምፒውተሮቻቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ከግሪዱ፣ ማለትም ከኤሌክትሪክ መረቡ ተነጥለው ወደ መጠባበቂያ ኃይላቸው ዞሩ። 1,500 ሜጋ ዋት ገደማ ጭነት በአፍታ ከመረቡ ላይ ወጣ። ከሕዳሴው ግድብ ተርባይኖች አራቱ ተጣምረው የሚያመነጩትን ያህል ማለት ነው።

የዘርፉን ሰዎች ያሳሰባቸው የነገሩ መገላበጥ ነው። የግሪድ ተቆጣጣሪዎች ለአሥርት ዓመታት የተለማመዱት ኃይል ማመንጫ በድንገት ሲወጣባቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነው። እዚህ የወጣው ተጠቃሚው ነው፤ ፍሪኩዌንሲውም ቮልቴጁም ወደ ላይ ሄደ። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በፊት የተመረቀ መሐንዲስ በትምህርት ቤት ያልተማረው ዓይነት ክስተት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ባለሙያ እጥረት የሚወራው በርክቷል። የዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያም እንዲሁ፤ «በአራት ኮርስ፣ ከሥራዎ ሳይለቁ፣ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት» ይላል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በዚያው በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ ከእነሱም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቁ ስላሉ፣ ጥያቄው ለአማርኛ ተናጋሪውም ቅርብ ነው። ሰርተፍኬቱ ምን ያደርጋል? ማስተርስን ይተካል? ወይስ ለዩኒቨርሲቲዎች የገቢ ምንጭ ብቻ ነው?

አንድ ቃል፣ አራት ነገር

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ «ሰርተፍኬት» ስንል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን።

የመጀመሪያው የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ከማስተርስ ኮርሶች አራት ወይም አምስት ያህሉን ይወስዳል። ፈተናው፣ ውጤቱና ክሬዲቱ ከማስተርስ ተማሪዎች ጋር እኩል ነው። በአሜሪካ ማስተርስ በተለምዶ 30 ክሬዲት ሲሆን እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ክሬዲት ነው። ተማሪው ከቀጠለ ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቶቹን ለማስተርስ ሊይዝለት ይችላል። ይህ አሠራር በየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአጭር ሥልጠና ምስክር ወረቀት ነው። ሦስት ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ተሳትፎ የሚገኝ ሲሆን የትምህርት ክሬዲት የለውም። ሦስተኛው የግሪድ ተቆጣጣሪዎች የሙያ ማረጋገጫ ነው። በሰሜን አሜሪካ የግሪድ አስተማማኝነትን የሚከታተለው ኔርክ የሚባለው ድርጅት ፈተና ሰጥቶ ያረጋግጣል፤ በመቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ ማብሪያና ማጥፊያ ለሚያዝ ሰው ግዴታ ነው። አራተኛው በምሕንድስና ሥራ ላይ ፈርሞ ኃላፊነት ለመውሰድ የሚያስችለው የመንግሥት ፈቃድ፣ በአጭሩ «ፒኢ» የሚባለው ነው።

አራቱ አይተካኩም። አንዱን ከፍሎ ሌላውን የጠበቀ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጣል።

ክፍተቱ ከየት መጣ?

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ዕድገት ቀዘቀዘ። ተማሪው ወደ ኤሌክትሮኒክስና ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኃይል ምሕንድስና መምህራኖቻቸው ጡረታ ሲወጡ ቦታውን በሌላ ሙያ ሞሉት። የ«ፓወር» ኮርስ በአንዳንድ ቦታ ከመርሐ ግብሩ ወጣ፣ በሌላውም ወደ አንድ የምርጫ ኮርስ ወረደ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 ከኦሃዮ የተነሳ መቋረጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ያለ መብራት ሲያስቀር፣ አሜሪካና ካናዳ በጋራ ያቋቋሙት አጣሪ ቡድን መስመር የነኩ ዛፎችን፣ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር መበላሸትንና የተቆጣጣሪዎችን የሥልጠና ጉድለት አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ለ54 የሥልጠና ፕሮጀክቶች ሰጠ። በሥራ ላይ ላሉ መሐንዲሶች የሚሰጥ የክሬዲት ትምህርት መስፋት የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ይህ የባለሙያ ቁጥር ክፍተት ነው። ዛሬ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የዕውቀት ክፍተቱ ስለሆነ ዘርዘር አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል።

የቀድሞው ግሪድ የተገነባው በሚሽከረከሩ ጀነሬተሮች ላይ ነው። በውኃ ወይም በእንፋሎት የሚዞር ብዙ ቶን ብረትና መዳብ፣ መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር ከመደበኛው አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ከረንት ይለቃል። የመከላከያ ሥርዓቱ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሪሌይ የሚባለው መሣሪያ ከረንቱንና ቮልቴጁን እየለካ ይጠብቃል፤ ከረንቱ ሲዘል ችግር መኖሩን አውቆ ሰርኪዩት ብሬከሩን እንዲከፍት ያዛል። ቻርልስ ፎርተስክዩ እ.ኤ.አ. በ1918 ያቀረበው የሦስት ፌዝ ስሌት ዘዴም እስከ ዛሬ ለዚህ ሥራ ያገለግላል።

ሶላር፣ ባትሪና አብዛኛው አዲስ የንፋስ ተርባይን ወደ ግሪዱ የሚገቡት በኢንቨርተር ነው። ኢንቨርተር ቀጥተኛውን ከረንት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። በውስጡ ያሉት ሴሚኮንዳክተሮች ከመጠን በላይ ከረንት ካለፈባቸው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከረንቱን ከመደበኛው ጥቂት ከፍ ባለ ወሰን፣ ብዙ ጊዜ ከ1.2 እጥፍ ባልበለጠ መጠን ይገድበዋል። ከረንቱ ካልዘለለ የቀድሞው ሪሌይ ችግሩን በምን ያውቀዋል? የፎርተስክዩ ስሌት ስሕተት አልሆነም። የተለወጠው ወደ ስሌቱ የምናስገባው የማሽኑ ባሕርይ ነው፤ ድሮ በፊዚክስ ይወሰን የነበረው አሁን በአምራቹ የሶፍትዌር መስመር ይወሰናል።

ጉዳዩ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2022 በቴክሳስ ኦዴሳ አካባቢ አንድ ብልሽት ሲፈጠር ከ1,700 ሜጋ ዋት በላይ የሶላር ኃይል ቀነሰ። ማመንጫዎቹ አልተሰበሩም፤ የገዛ ራሳቸው የመከላከያና የቁጥጥር ቅንብር ነው ያስወጣቸው። በዚያው አካባቢ ከአንድ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ደግሞ ስፔንና ፖርቱጋል በጨለማ ሲዋጡ፣ መርማሪዎቹ ያዩት እየተዛመተ የሄደ የቮልቴጅ ከፍታ ነው። በአውሮፓ በዚህ መንገድ የመጣ ሰፊ መቋረጥ ከዚያ በፊት አልተመዘገበም።

እነዚህን ክስተቶች ለማጥናት ሌላ ዓይነት ሞዴል ያስፈልጋል። የቀድሞው ሲሙሌሽን በሚሊ ሰከንድ እየተራመደ ያሰላል። የኢንቨርተርን ባሕርይ ለማየት በማይክሮ ሰከንድ መራመድ ያሻል። እንዲህ ያለውን ሞዴል መሥራትና ውጤቱን መጠራጠር መቻል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ጥሩ መልስ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱ ሙሉ ዲግሪ የሚጠይቅ አይደለም፣ በሦስት ቀን ሥልጠናም አይሞላም።

ትምህርቱ በተግባር ምን ይመስላል?

አብዛኛው በኢንተርኔት ነው። ሠራተኛው በአንድ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ይወስዳል፤ አራት ኮርስ በዚህ አካሄድ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የተለመዱት ኮርሶች የኃይል ፍሰት ትንተና፣ የግሪድ መረጋጋት፣ ፕሮቴክሽን ማለትም የመከላከያ ሥርዓት፣ ፓወር ኤሌክትሮኒክስና የማከፋፈያ መስመር ዲዛይን ናቸው።

ትምህርት ቤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነቱም ከስማቸው ይልቅ ከአካባቢያቸው ይመነጫል። በአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ በፕሮቴክሽንና በሪሌይ ላይ ብቻ ያተኮረ ሰርተፍኬት አለ። ከዩኒቨርሲቲው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ፑልማን ከተማ፣ ኤድመንድ ሽዋይትዘር እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋመውና በ1984 የዲጂታል ሪሌይን ለገበያ ያበቃው ኩባንያ ይገኛል። ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ በማስተላለፊያና በማከፋፈያ መስመር ዲዛይን ላይ አተኩሯል፤ ምሰሶ፣ ሽቦና ሰብስቴሽን (ቮልቴጅ የሚቀየርበትና ኃይል የሚከፋፈልበት ጣቢያ) ለሚነድፍ መሐንዲስ ይስማማል። ሚሺጋን ቴክ እና ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሰፋ ያለውን የኃይል ሥርዓት ያስተምራሉ። የኮርስ ይዘት በየዓመቱ ስለሚለወጥ መጠየቅ ያለበት የቅርቡን ሲላበስ፣ ማለትም የኮርሱን ዝርዝር መግለጫ ነው። ስለ ኢንቨርተር አንድ ሳምንት ብቻ የሚያወራ ሲላበስ ከላይ ያየነውን ክፍተት አይሞላም።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል። በአሜሪካ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ሠራተኛው በገንዘቡ ላይ የገቢ ግብር አይከፍልም። ብዙ የኃይል ኩባንያዎች የትምህርት ድጋፋቸውን በዚህ ወሰን ዙሪያ ያዘጋጃሉ። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ኮርስ የመውሰድ ልማድም በከፊል ከዚሁ ይመጣል። አሠሪው ሳይከፍል በራስ ኪስ መማር ሌላ ሒሳብ ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው «ክሬዲቱ ለማስተርስ ይያዝልኛል ወይ?» ወደሚለው ያዘነብላል።

የማያስገኘው

ከኢትዮጵያ ለመጡ መሐንዲሶች ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ የተነሳ የሚደርሰው ኪሳራ በኋላ አይመለስምና።

ሰርተፍኬት ዲግሪ አይደለም። በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ከምረቃ በኋላ በሳይንስና በምሕንድስና ዘርፍ የሚያገኘው የሥራ ፈቃድ ማራዘሚያ ዲግሪን መሠረት ያደርጋል። ኤችዋንቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ለአሜሪካ ማስተርስ ባለቤቶች የተለየው 20,000 ቦታም ማስተርስ ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ለሁለቱም አይቆጠርም።

የ«ፒኢ» ፈቃድንም አይሰጥም። መንገዱ የመጀመሪያውን የመሠረተ ትምህርት ፈተና ማለፍ፣ ብዙ ጊዜ አራት ዓመት በባለ ፈቃድ መሐንዲስ ሥር መሥራት፣ ከዚያም 80 ጥያቄ ያለውን የሙያ ፈተና ማለፍ ነው። ዲግሪውን ከአሜሪካ ውጭ ያገኘ ሰው በተጨማሪ ትራንስክሪፕቱን ማስገምገም ሊኖርበት ይችላል። ግምገማው የጎደለ ኮርስ ካሳየ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሙላት ይመጣል፤ የጎደለው ግን ብዙ ጊዜ የሒሳብ ወይም የጠቅላላ ትምህርት ክሬዲት ሊሆን ስለሚችል የፕሮቴክሽን ኮርስ አይሞላውም። በተረፈ ፈቃዱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ከሰርተፍኬቱ ሌላ ጥቅም ያገኛል። ፈቃዱን ለማደስ ብዙ ግዛቶች በሁለት ዓመት 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃሉ፤ በተለመደው አቆጣጠር አንድ የሴሚስተር ክሬዲት 45 ሰዓት ስለሚያዝ፣ አንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ከሚፈለገው እጅግ ያልፋል።

የሚነሱ ክርክሮች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከመስክ ሰዎች ይመጣል፤ ፕሮቴክሽን የሚለመደው ሰብስቴሽን ውስጥ ነው፣ ከአምራቹ የሚሰጠው ሥልጠናም ይበቃል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሪሌይን ያልነካ ሰው ሪሌይን አያውቅም። የአምራች ሥልጠና ግን የአንድን መሣሪያ አዝራርና ምናሌ ያስተምራል። መሣሪያው በተሳሳተ ሰዓት ሲከፍት ለምን እንደከፈተ ለመረዳት ከመሣሪያው በታች ያለውን ንድፈ ሐሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። የቨርጂኒያው ክስተት ጥሩ ማሳያ ነው፤ መስመሩ እንደተነደፈው ሠራ፣ የዳታ ማዕከላቱም እንደተነደፉት ሠሩ፣ ችግሩ የተወለደው በሁለቱ መካከል ነው። በመካከል ያለውን የሚያስተምር አምራች የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከትምህርት ገበያው ይነሳል። ዩኒቨርሲቲዎች የተዘጋጁ ኮርሶችን በአዲስ ስም አሽገው ይሸጣሉ የሚል ነው። አንዳንዴ ትክክል ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ላቦራቶሪ ወይም ከእውነተኛ መስመር የተወሰደ መረጃ ያለው ሥራ አለ? የሚያስተምረው ሰው በኢንዱስትሪው ሠርቷል? ሁለቱም ከሌሉ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ ነው።

ሦስተኛው «ከተማሩ አይቀር ማስተርስ» የሚለው ነው። ምርምር ለሚፈልግ፣ ማስተማር ለሚያስብ ወይም የቪዛ ጉዳይ ላለበት ሰው ይህ ምክር ትክክል ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ሌሊት ለጥሪ የሚነሳ የ45 ዓመት መሐንዲስን ግን 30 ክሬዲት ሊያስጀምረው ይችል ይሆናል እንጂ አያስጨርሰውም። ጀምሮ ያቋረጠ ባዶ እጁን ይቀራል፤ አራት ኮርስ የጨረሰ ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው። በእኔ ግምት ሰርተፍኬትን እንደ ግማሽ ማስተርስ ማየት ነው ብዙዎችን የሚያሳስተው። መነሻው በሥራ ላይ የገጠመ የተለየ ችግር ከሆነ ጠቃሚ ነው፤ መነሻው ለሥራ ማመልከቻ የሚጨመር መስመር ከሆነ ዋጋው ያጠራጥራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሕዝቡ ዘንድ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ 5,150 ሜጋ ዋት እያለን መብራት ለምን ይጠፋል? መልሱ ማመንጨትና ማድረስ ሁለት ሥራ መሆናቸው ነው። ከግድቡ እስከ ቤት ድረስ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር፣ ሰብስቴሽን፣ የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመርና የሰፈር ትራንስፎርመር አለ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ከአቅሙ በላይ ከተጫነ ወይም የመከላከያ ቅንብሩ ካልተናበበ፣ ከላይ ያለው ብዛት ለቤቱ አይደርስም። የቅንብር መናበብ ሲባል ችግር ሲፈጠር ለችግሩ የቀረበው ብሬከር ብቻ እንዲከፍትና ሌላው እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ካልተናበበ በአንድ ሰፈር የወደቀ ዛፍ ወረዳውን በሙሉ ያጨልማል።

አዲሱ ቴክኖሎጂም ገብቷል። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የ500 ኪሎ ቮልት የቀጥተኛ ከረንት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለማስተላለፍ የተሠራ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ይሸጥበታል። አሸጎዳና አዳማ ላይ የንፋስ ኃይል አለ። ለክሪፕቶ ማዕድን የሚውሉ የኮምፒውተር ጣቢያዎች በመቶዎች ሜጋ ዋት የሚቆጠር ኃይል መውሰድ ጀምረዋል፤ ከግሪዱ አንጻር ከቨርጂኒያ የዳታ ማዕከላት ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው ጭነት ነው። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀርም እየበዛ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ የሚያንቀሳቅሱት መሐንዲሶች አብዛኞቹ የተማሩት በሚሽከረከር ጀነሬተር ዘመን ነው።

አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማና አዳማ ላይ የኃይል ምሕንድስና ማስተርስ ይሰጣል። መምህሩም የማታና የቅዳሜ ትምህርት ልማዱም አለ። ስለዚህ አራት ኮርስ ለይቶ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ማቅረብ ከባዶ መጀመር አይሆንም። አስቸጋሪው የሚከተለው ነው። የደረጃ ዕድገት የሚሰላው በዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ ለሁለት ዓመት ማታ የተማረ ሰው ያለ ማስተርስ ወረቀቱ ምንም አያገኝበትም፤ ሠልጥኖም ደመወዙ ካልተነሳ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ ኮንትራክተር መሥሪያ ቤት መሄዱ የማይቀር ነው። ሠራተኛውን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በውል ማሰር አንዱ የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ ደረጃና ክፍያ ሳይስተካከል ብቻውን ሰውን አያቆይም።

ወጪን በተመለከተ፣ ለኢንቨርተርና ለቀጥተኛ ከረንት ጥናት የሚያገለግሉት ሪል ታይም ሲሙሌተሮች ውድ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሪም ይጠይቃሉ። ፕሮቴክሽን ግን ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ገንዘብ ሊጀመር ይችላል። ዲጂታል ሪሌይ መስመር በቆረጠ ቁጥር የዚያን ቅጽበት ከረንትና ቮልቴጅ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ዲጂታል ሪሌይ ባለባቸው ሰብስቴሽኖች እንዲህ ያሉ ፋይሎች ይከማቻሉ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መዝገቦቹን ለመምህራኑ ቢለቁ፣ ከሆለታ ወይም ከደዴሳ የመጣ መሐንዲስ የቤት ሥራው ባለፈው ክረምት ራሱ የተጠራበት መቋረጥ ይሆናል፦ ማን ቀድሞ ከፈተ? መክፈት ያልነበረበት የትኛው ነው? ቅንብሩ በስንት ሚሊ ሰከንድ ይስተካከል?